ተከራይ ሲለቅ የመያዣውን ብር እንዴት ነው የምታደርጉት?

የሸዋ በሯ

ሰላም ናችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። ቤት የምታከራዩም የተከራያችሁም፣ እባካችሁ አንድ ነገር አማክሩኝ።

እናቴ ሸዋ በር አካባቢ ግቢ አላት። ፊት ለፊት ባለ ሦስት ክፍል ቤት፣ ከጓሮ ደግሞ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች። እሷ ስለደከማት የማከራየቱን ነገር እኔ ይዤዋለሁ። ዋናው ቤት ውስጥ አንድ መምህር ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ሦስት ዓመት ኖሯል። አሁን ወልዲያ ተቀይሮ ሰኔ መጨረሻ ላይ ይለቃል። ጥሩ ሰዎች ናቸው። ኪራይ አሳልፈው አያውቁም። እናቴ የታመመች ጊዜ ሾርባ ይዛ ትመላለስ የነበረችው ባለቤቱ ናት።

ሲገቡ 8 ሺህ ብር መያዣ አስቀምጠዋል። ያኔ የሁለት ወር ኪራይ ነበር። አሁን ኪራዩ 6,500 ደርሷል፤ መያዣው ግን እዚያው ነው። ውላችን ላይ ስለ እሱ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ተከራይ ቤቱን እንደተረከበው ያስረክባል፤ ጉዳት ካለ ከመያዣው ይቀነሳል።» ጉዳት የሚባለው ምን እንደሆነ አልተጻፈም። ብሩ መቼ እንደሚመለስም አልተጻፈም።

ባለፈው እሑድ ቤቱን አብረን አየነው። የኋለኛው መኝታ ቤት ግድግዳ፣ በዳገቱ በኩል ያለው፣ ልስኑ አብጦ ጠቁሯል። ሳሎን ውስጥ ልጆቹ በእስክሪብቶና በከለር አንዱን ግድግዳ ሞልተውታል። የመኝታ ቤቱ በር ቁልፍ ተሰብሯል። የማድቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥባል። ከዚህ ሌላ የሰኔ መብራት ቢል የሚመጣው እነሱ ከሄዱ በኋላ ነው።

ወንድሜ «ቤቱን በሙሉ ቀለም አስቀቢና ከመያዣው ያዢ፤ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው» ይለኛል። እናቴ ደግሞ «የሰው ገንዘብ እኔ ዘንድ አይደር፤ ሙሉውን ስጫቸው» ትላለች። መምህሩ ራሱ «የሰኔን ኪራይ ከመያዣው ላይ ያዙልኝና የተረፈውን ስጡኝ» ብሏል።

ቤቱ የእናቴ መተዳደሪያ ነው። ጡረታ የላትም። እሷ እንድትጎዳ አልፈልግም፤ እነሱንም ያለ አግባብ ማስከፈል አልፈልግም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ቦርከና ዳር

እህቴ፣ አብሽሪ። ደግ ጥያቄ ነው የጠየቅሽው። እኔ ኮምቦልቻ ነኝ፤ ክፍሎች አከራያለሁ። አብዛኞቹ ተከራዮቼ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የሚሠሩ ልጆች ናቸው። ስለ መያዣ ብዙ ስላየሁ ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት፣ ያ 8 ሺህ ብር የመምህሩ ገንዘብ ነው። እናንተ ዘንድ የተቀመጠ አማና ነው። ይህን ከልብሽ ከተቀበልሽ የቀረው ይቀልልሻል። እኔ ለመያዣ ብቻ የተለየ የባንክ ደብተር አለኝ። ኪራይ እዚያ አይገባም፤ ለቤት አስቤዛም ከዚያ አይወጣም። ማን ስንት እንዳስቀመጠ ደግሞ በየስሙ ማስታወሻ ላይ ጽፌዋለሁ።

ለምን እንደዚህ እንደማጠብቀው ልንገርሽ። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ወደ እኛ ሲመጣ ተከራዮቼ ባንዴ ተበተኑ። የተመለሱት ባዶ እጃቸውን ነው። ዕቃቸው የለም፣ ሥራቸውም የለም። ፓርኩ ተጎድቷል፤ ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ መላክ የሚያስችለው አጎዋ ተቋረጠ። ወደየወላጆቻቸው ለመሄድ መሳፈሪያ የምትሆናቸው ያቺው መያዣ ብቻ ነበረች። ባንክ ሲከፈት አውጥቼ ሰጠኋቸው። ጎረቤት ግን «ቤቴ ተዘርፎ ከየት አምጥቼ?» ያሉ አከራዮች ነበሩ። መዘረፋቸው እውነት ነው። የልጆቹ ብር ግን ዘራፊ ሳይመጣ በፊት ጠፍቷል፤ ለቆርቆሮና ለሲሚንቶ ውሏል። አንዷ ልጅ በሩ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አይቻለሁ። የተከራይን መያዣ ከራሱ ብር ጋር የሚቀላቅል አከራይ በሰማሁ ቁጥር እሷ ትመጣብኛለች።

አሁን ወደ ግድግዳሽ። መጀመሪያ ወደ ውጭ ውጪና ከጀርባው እዪው። እርጥበቱ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ የወጣ ከሆነ ውሃው ከመሬት ነው የሚመጣው። ደሴ ውስጥ ዳገት ተቆርጦ የተሠራ ቤት ብዙ ነው፤ አፈሩ ግድግዳውን ይደገፍና ክረምት ሙሉ ያጠጣዋል። ከላይ ከኮርኒሱ ጀምሮ የወረደ ከሆነ ቆርቆሮውን ወይም አሸንዳውን እዪ። ሁለቱም የባለቤት ጣጣ ናቸው። ተከራይ የዳገት ውሃ ሊያቆም አይችልም። ከቁም ሳጥን ጀርባ ወይም ጥግ ላይ ብቻ ነጠብጣብ ጥቁር ሆኖ ካገኘሽው ግን የቤት ውስጥ እርጥበት ሊሆን ይችላል። ብርድ ነው ተብሎ መስኮት ሳይከፈት ይከርማል፤ የታጠበ ልብስ ቤት ውስጥ ይሰጣል። እሱም ቢሆን በደሴ ሐምሌ ሰው መስኮቱን ዘጋ ተብሎ ልስን አይከፈልበትም። እኔ ከዚህ የማስከፍለው በጨርቅና በበረኪና የሚለቀውን አጽዳልኝ ብዬ አስጠንቅቄ እንቢ ያለን ብቻ ነው።

የልጆቹ ሥዕል ሌላ ነው። ያ የእነሱ ነው፤ ይከፍላሉ። ግን አንድ ግድግዳ ተበላሽቶ የሙሉ ቤት ቀለም አይጠየቅም። ደግሞ ቀለሙ የስንት ዓመት ነው? ሲገቡ አዲስ ከነበረ ሦስት ዓመት አገልግሏል። እነሱ ባይኖሩም መቀባትሽ አይቀርም ነበር። እኔ እንዲህ ባለ ጊዜ የአንዱን ግድግዳ የቀለምና የቀቢ ዋጋ አስገምቼ ግማሹን ነው የምይዘው። ወንድምሽ «ሰው ሁሉ ያደርጋል» ያለውስ እውነት ነው። ሰው ሁሉ ስላደረገው ግን ልክ አይሆንም። የቤትሽን እድሳት በሚለቅ ሰው ገንዘብ መጨረስ ግፍ ነው። ሌላ ቃል የለኝም።

ቁልፉን ማን ሰበረው? እነሱ ከሆኑ የቁልፉን ዋጋ በደረሰኝ ያዢ። ቧንቧው አርጅቶ ከሆነ የእናንተ ነው። የጎማ ነገር ሊሆን ስለሚችል ሙሉውን ከመቀየርሽ በፊት አስከፍተሽ እዪው።

የሰኔን ኪራይ ከመያዣው ልያዝ ወይ ላልሽው፣ እኔ አላደርገውም። ጥሩ ሰው ስላልሆነ አይደለም። ኪራዩ ከመያዣው ከወጣ ለቁልፉና ለመብራቱ የሚቀርሽ 1,500 ብር ብቻ ነው። ላንቺ እሱ ራሱ ሊበቃ ይችላል፤ በቀጣዩ ተከራይ ላይ ግን አይበቃም። እና ልማድ ከሆነ አይመለስም። ሰኔን ይክፈል። መያዣውን ደግሞ በሚወጣበት ቀን፣ ዕቃው መኪና ላይ ሳለ፣ እጁ ላይ አድርጊለት። እሱም ይህን ቀድሞ ካወቀ አይጨነቅም። ተከራይ ኪራዩን ከመያዣ ያዙልኝ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ አይመለስልኝም ብሎ ስለሚሰጋ ነው።

መናፈሻ ተከራይ

ቦርከና ዳር እግዜር ይስጥልኝ። የመጨረሻዋ አባባል የኔ ታሪክ ናት።

ከዚህ በፊት የነበርኩበት ቤት ስገባ ቀለም አልነበረውም። «አንተ እንደምትፈልገው አስቀባ» ተባልኩና በራሴ ብር አስቀባሁ። ስወጣ 5 ሺህ ብር መያዣዬ «ለቀለም» ተብሎ ቀረ። የቱ ግድግዳ፣ በስንት ብር፣ ማን ቀባው ብዬ ብጠይቅ መልስ የለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ተከራይ ገባ፤ ቀለሙ ያው እኔ የቀባሁት ነው።

እህቴ፣ የምትቀንሺ ከሆነ ቀንሺ። ግን በወረቀት ዘርዝረሽ ስጭው። ቁልፍ ይህን ያህል፣ ግድግዳ ይህን ያህል። ሰው ሂሳቡን ካየ አይከፋውም። እኔን ያቃጠለኝ ከብሩ ይልቅ እንደ ልጅ መታየቴ ነው።

ሆጤ ሰፈር

እኔ በዕድሜ ገፋ ያልኩ ሰው ነኝ። ከጡረታ ጋር የምኖረው በኪራይ ነው። ልጆቼ፣ የተከራይን መብት ስትናገሩ እሰማለሁ፤ መልካም ነው። አከራይም ግን ይበደላል። አንዱ የውሃ ሦስት ወር ሳይከፍል በሌሊት ወጣብኝ። ውሃው በእኔ ስም ስለሆነ ሊቆረጥ ሲል የከፈልኩት እኔ ነኝ። ሌላው ደግሞ ለራሱ ያስገባውን ምጣድ ከማይችለው መስመር ላይ ቀጥሎ የመብራቱን ገመድ አቃጠለው። ቤቱ አለመንደዱ የፈጣሪ ሥራ ነው።

ስለዚህ እኔ የሁለት ወር መያዣ እቀበላለሁ፤ ከወጡ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ይዤ እቆያለሁ። ቢሉ ሁሉ መጥቶ ሲጠራ እመልሳለሁ። የማንንም ብር በልቼ አላውቅም። በዚያኑ ቀን ስጡ የምትለዋ የኮምቦልቻዋ ልጅ ቢሉን ማን ይከፍልልኛል?

ቦርከና ዳር

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። የቢል ነገር እኔንም አስመርሮኛል። ግን ለ500 ብር ቢል ብለው የሰውን 8 ሺህ ወር ሙሉ አይያዙበት። ያ ሰው አዲስ ከተማ ገብቶ አዲስ አከራይ መያዣ ይጠይቀዋል። እርስዎ ጋ ያለውን ብር ካልያዘ ከየት ያመጣል? ተበድሮ ነው የሚገባው።

እኔ እንዲህ ነው የማደርገው። በሚወጡበት ቀን ቆጣሪውን አብረን እናነባለን፤ በስልክ ፎቶ አነሳዋለሁ። ያለፉትን ሦስት ወራት ቢል አውጥቼ ከፍተኛውን እወስድና ጥቂት እጨምርበታለሁ። ያቺን ብቻ አስቀርቼ ሌላውን እሰጣለሁ። ቢሉ ሲመጣ ፎቶውን በቴሌግራም እልክላቸዋለሁ፤ የተረፈውን በቴሌብር አስገባለሁ። አርባ ብርም ብትሆን እልካለሁ። አንዳንዶቹ «ይቅር፣ አንቺው ያዢው» ይሉኛል። እንደዚያም ሆኖ መላኬን አልተውም።

የገመዱ ግን ሙሉ በሙሉ የተከራዩ ነው፤ ይህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ውሉ ላይ ምጣድና ምድጃ የትኛው መስመር ላይ እንደሚሰካ ይጻፍ።

አንድ የረሳሁት። ደባል ተከራይ የምታስገቡ ካላችሁ፣ ፓርክ የሚሠሩ ልጆች ሦስትና አራት ሆነው ነው አንድ ክፍል የሚይዙት። መያዣው «የክፍሉ» ተብሎ በአንዷ ስም ከተጻፈ ጠብ ነው። አንዷ ስታገባ ወይም አገሯ ስትገባ ድርሻዋን ትጠይቃለች፤ የቀሩት ደግሞ ብር የላቸውም። እኔ የእያንዳንዷን ድርሻ በየስሟ ነው የምጽፈው። አንዷ ስትወጣ አዲስ የምትገባው ድርሻዋን በእኔ ፊት ለምትወጣው ትሰጣለች፤ ወረቀቱ ላይ ስሟን እቀይራለሁ፤ ሁለቱም ይፈርማሉ። ምትክ ካልተገኘ ድርሻዋን ከዚያው ደብተር አውጥቼ እሰጣታለሁ። ክፍሉ ላይ የደረሰ ጉዳት ካለ ግን ከመውጣቷ በፊት አራቱም ባሉበት እንነጋገራለን። የወጣች ልጅ ላይ መለጠፍ ቀላል ስለሆነ ነው።

ፒያሳ ጠበቃ

በሙያዬ የኪራይ ክርክር ስለማይ ሕጉን ባጭሩ ልናገር።

በ2016 የወጣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 1320/2016 ነው። ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ በተቆጣጣሪው አካል እንዲመዘገብ ይላል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም። አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድመ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው የሚፈጸመው። በክልሎች አዋጁ የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ስለሆነ፣ ውል ከመፈራረማችሁ በፊት ከተማ አስተዳደሩ ዘንድ ጠይቁ።

ብዙ አከራዮች ቅድመ ክፍያና መያዣ ይቀላቅላሉ። ቅድመ ክፍያ ኪራይ ነው፤ ወሩ ሲደርስ ያልቃል። መያዣ አያልቅም፤ ይመለሳል። ውላችሁ ላይ በሁለት የተለያዩ መስመሮች ጻፉት፤ መጠኑንም በአኃዝና በፊደል። የሁለት ወር ቅድመ ክፍያ ተቀብሎ በላዩ ላይ «መያዣ» ብሎ ሌላ ሁለት ወር መጠየቅ ግን አልመክርም። ስሙን ቀይሮ ከገደቡ ማለፍ ነው ተብሎ ክርክር ያስነሳል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ ቤት ኪራይ ይናገራል። ትንንሽ ጥገና ተከራዩ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ በርና መስኮት፣ የውሃ ቧንቧም። ብልሽቱ የመጣው በእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ነገር ከሆነ ግን ተከራዩ አይጠየቅም። የጠያቂዋ ግድግዳ በዳገት ውሃ ከሆነ የተበላሸው፣ እኔ የአከራይ ጠበቃ ብሆን እንኳ አልከራከርበትም።

ፍርድ ቤት ያየኋቸው የመያዣ ክርክሮች አብዛኞቹ አንድ ነገር ይጎድላቸዋል። ቤቱ ሲገቡ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት የለም። ሁለቱም ይምላሉ፤ ዳኛው የሚይዘው ነገር የለውም።

የሸዋ በሯ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የእርስዎንም ሐሳብ በደንብ አንብቤዋለሁ።

ትናንት አንድ የቀን ሠራተኛ ይዤ ከቤቱ ጀርባ ወረድኩ። ቦርከና ዳር እንዳልሽው ነው። አፈሩ እስከ ግድግዳው ወገብ ድረስ ተከምሯል። ላዩ ላይ ሣር በቅሎበታል። አሸንዳውም ጫፉ ተቀዶ ውሃውን እዚያው ነው የሚያፈሰው። ለወንድሜ ፎቶውን ላክሁለት፤ ዝም አለ። ኋላ ደውሎ የማስጠረጊያውን እኔ እከፍላለሁ አለኝ። ሐምሌ ሳይገባ አፈሩ ተነሥቶ ቦይ ይወጣለታል።

ዛሬ ማታ ከመምህሩና ከባለቤቱ ጋር ቡና ላይ ተነጋገርን። የሳሎኑን ግድግዳ ቀቢ 1,600 ብር ብሎ ነበር፤ ግማሹን 800 ያዝን። ቁልፉን ልጁ ነው የሰበረው፣ ራሳቸው ነገሩኝ፤ 600 ብር። ቧንቧው እናቴ ቤቱን ስታሠራ የገባ ስለሆነ የእኛ ነው። ለመብራት 500 አስቀራለሁ። ስለዚህ በሚወጡበት ቀን 6,100 ብር እሰጣቸዋለሁ፤ ከመብራቱ የሚተርፈውን በቴሌብር እልካለሁ። በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። መምህሩ አንብቦ «ግድግዳውን አስከፍለሽን የምንጣላ መስሎኝ ነበር» አለኝ። የሰኔን ኪራይ እዚያው በስልኩ አስገባ።

እናቴ ግን አሁንም 800ውን መልሺላቸው እያለች ነው። «ልጅ ያለበት ቤት ግድግዳ ይጻፍበታል» ትላለች። ይህንን ገና አልጨረስንም።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ቦርከና ዳር፣ ተከራይ ሲገባ የምትጽፊው ወረቀት ላይ ምን ምን አለበት? ነሐሴ ላይ አዲስ ሰው ሳስገባ ልጠቀምበት።

ቦርከና ዳር

ማሻ አላህ። እናትሽን ሳሚልኝ።

ወረቀቱ ቀላል ነው። ቀኑ፣ የሁለታችሁ ስም፣ መያዣው ስንት እንደሆነና በምን እንደተከፈለ። የቆጣሪው ቁጥርና የዚያን ቀን ንባብ፤ የመብራትም የውሃም። ስንት ቁልፍ እንደሰጠሽ። ከዚያ ክፍል በክፍል እየዞራችሁ ያያችሁትን ጻፉ። የእኔ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ሳሎን፦ ቀለም በ2016 መስከረም የተቀባ፤ በመስኮቱ ሥር የእጅ መዳፍ የሚያህል ልስን የወደቀ፤ አንድ መስተዋት የተሰነጠቀ፤ ሶኬት ሦስት፣ ሁሉም ይሠራል።» ያለውን ጉድለት አትደብቂ። ተከራዩ ራሱ ያየውንም ይጨምርበት።

ሁለት ቅጂ አድርጉትና ሁለቱም ላይ ፈርሙ። ቤቱን በቪዲዮ ቅረጪና በዚያኑ ቀን በቴሌግራም ላኪለት፤ ቀኑ እዚያው ይቀመጣል። መያዣው የሚመለስበትን ቀንም እዚያው ጻፊ። እኔ «ቁልፍ ባስረከበ ዕለት» ብዬ ነው የምጽፈው።

የኋለኛውን መኝታ ቤት አፈሩ ከተነሣ በኋላ ግድግዳው ሳይደርቅ አታስቀቢው፤ ቀለሙ ተመልሶ ይላጣል። ነሐሴ ላይ የሚገባው ሰውም ግድግዳው ከርሞ ከደረቀ በኋላ፣ ጥቅምት ላይ እንደሚቀባለት ወረቀቱ ላይ ይጻፍለት።